ለጃፓን ስልክ ሲባል የተደበቀ መርዶ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

አንድ ሰው ብቻ ነው የሚወስዱት። ደብዳቤውን ሦስቴ አነበብኩት። ኪሮስም ተቀብሎኝ ሦስቴ አነበበው። ሁለት የሚል ቃል የትም የለበትም።

የጻፈልን ሞሪ ሳን ነው። "ሳን" እንደኛ "አቶ" መሆኑ ነው። ሞሪ ሳን እዚህ ዋግ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ሲያስቆፍር የነበረ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው፤ እኔና ኪሮስ ተመርቀን እንደወጣን የተመደብነው እሱ ዘንድ ነበር። ሲሄድ አንድ ወፍራም የጃፓንኛ መማሪያ መጽሐፍና ስድስት ካሴት ትቶልን፣ ይህን ስትጨርሱ ጻፉልኝ አለን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው እኛም አልለቀቅንም። ሁለት ዓመት ፈጀብን፤ ጨረስነው፣ ደግመን ጨረስነው፣ ጻፍንለት። መልሱ ይኸው ዛሬ በወልድያ አውቶቡስ መጣ። እሱ ያለበት ኩባንያ ለከርሰ ምድር ውሃ ሥራ አንድ ወጣት መሐንዲስ ይቀጥራል። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ፣ ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ስልክ ቤት ይደውሉልናል። በጃፓንኛ ነው የሚያነጋግሩን፣ ተራ በተራ።

ኪሮስ ደብዳቤውን አጥፎ ሲመልስልኝ፣ አንዳችን ከሄድን ሁለታችንም ሄድን ማለት ነው አለ። እንዲህ ሲል ከልቡ ነው፤ አውቀዋለሁ። እኔ አንገቴን ነቀነቅኩ። በልቤ ግን እሱ ነው የሚሄደው እያልኩ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 3

እኔ የምበልጥበት፦ መጻፍ፣ ማንበብ፣ ሰዋስው።

ኪሮስ የሚበልጥበት፦ መናገር፣ መስማት፣ መሳቅ፣ ከሰው ጋር ቶሎ መግባባት።

ፈተናው፦ በስልክ።

ከዚህ በላይ ምን እጽፋለሁ።

ቢሮ ዋልኩ። ሞሪ ሳን ከሄደ ወዲህ ሥራችን ሪፖርት ነው። "መለዋወጫ በመጠበቅ ላይ" ብዬ ያልጻፍኩበት ወር የለም። አምስት ዓመት የተማርኩት ለዚህች ሐረግ ነው ማለት ነው። ከዚህ በፊት ውጭ አገር ሁለት ቦታ አመልክቼ ነበር፤ አንዱ አይሆንም አለኝ፣ ሌላው መልስም አልሰጠኝ።

እናቴ ደግሞ ለአገሬ ለአምደወርቅ ሰው አንድ ሳታስቀር ነግራለች። ባለፈው የማላውቀው ሰውዬ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ "አንተ የእነ እንትና ልጅ፣ ጃፓን መቼ ነው?" አለኝ። በቅርቡ ነው አልኩት። ምን ልበለው? ይህ ካልሆነ አምደወርቅ የምገባበት ፊት የለኝም። እዚህም ብቀር ምን እንደምሆን አውቃለሁ፤ ጡረታቸውን ጥግ ተቀምጠው የሚጠብቁትን በየቀኑ አያቸዋለሁ፣ ሰላም እንላለን።

እሑድ፣ ኅዳር 6

ቴፑ አራተኛውን ካሴት በላው። ኪሮስ ክሩን በእስክሪብቶ እያሽከረከረ መለሰው። ባትሪዎቹን ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። ከሰዓት በኋላ ሲሠሩ ደስ ያለን ደስታ ያሳፍራል።

ከቅዳሴ መልስ ቀኑን ሙሉ ስንለማመድ ዋልን። ኪሮስ፣ "ሰፊው፣ አንተ ስታወራ ሪፖርት የምታቀርብ ትመስላለህ" አለኝ። እውነቱን ነው። አጠገቤ ተቀምጦ አንዷን ዐረፍተ ነገር አሥር ጊዜ አስባለኝ። ለሚፎካከሩት ሰው ይህን ማድረግ ሞኝነት ነው፤ እሱ ግን ሞኝ አይደለም፣ እንዲሁ ነው። ጃፓኖች እንደኛው ግሱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጣቸውን በጣም ይወድላቸዋል። ጨዋ ናቸው፣ ዋናውን ነገር ተደላድለው ነው የሚናገሩት ይላል።

ስለ ራሱ የሚናገረውን በቃሉ ይዞታል። አገሩ ሰሃላ፣ ከዚህ በእግር ሁለት ቀን። ወንድምና እህቶቹ፣ እናቱ። ከዚያ ወደ አባቱ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። "ቺቺ ዋ ገንኪ ዴስ።" አባቴ ደህና ነው ማለት ነው። ከመጽሐፉ ውስጥ መጀመሪያ የያዛት ዐረፍተ ነገር እሷ ናት።

አባቱን አቶ ዋሴን እኔም አውቃቸዋለሁ። አምና ማር ይዘው መጥተው በኔና በእሱ አልጋ መካከል ቁርበት አንጥፈው ሰነበቱ። ካሴቱን ስንከፍት ዝም ብለው ሰምተው፣ ይህ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የተጣላው ብለው ጠየቁን። እኔና ኪሮስ መሬት ላይ ተንከባለልን። ዛሬም ያንን አንስተን ስንስቅ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ሆድ ይፍጀው ብለው ነገሩኝ።

አያ ገብሬ የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ናቸው፤ ለኪሮስ እናት የሥጋ ዘመድ ናቸው። እኩለ ቀን ላይ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ጠሩኝ። ቆመው መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ። አቶ ዋሴ በሦስት ቀን ሕመም ቅዳሜ ዐርፈዋል። እሑድ ተቀብረዋል። ወሬውን ያመጡት ለገበያ የመጡ የሰሃላ ሰዎች ናቸው።

እሑድ። እኛ ያን ስናነሣ፣ ስንስቅ።

ሽማግሌዎቹ ጠዋት ተመካክረው ጨርሰዋል። መርዶው ቅዳሜ ንጋት ላይ ይነገረዋል። "ቀብሩ እንደሆነ አልፏል" አሉኝ አያ ገብሬ። "አሁን ብንነግረው ዕለቱን ተነሥቶ ይሄዳል፣ ስልኩም ይቀርበታል። ዋሴ ቢነሣ እንኳ ልጄ ስልኩን አነጋግሮ ይምጣ ነበር የሚለው። አንተ አብረኸው ነው የምታድረው። ፊትህን ጠብቅ።"

እሺ አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? በእኛ አገር መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቄስ ይዞ፣ ሲነጋጋ ቤቱ ይሄዳል። መንገድ ላይ ያረዳ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሣል።

ከዚያ መከራው ጀመረ። ኪሮስ ለአባቱ የፕላስቲክ ጫማ ገዝቶ ኖሯል፤ በሰሃላ ሰዎች ልላክለት ብሎ ገበያ ሊወጣ ሲል ደረስኩበት። እኔ አደርስልሃለሁ፣ አንተ ቁጭ ብለህ አጥና አልኩት። አይሆንም፣ የአገሬን ሰው ላግኝ ብሎ አብሮኝ ወጣ። ገበያውን ሁለቴ ዞርነው። ሰሃላዎቹ ከሩቅ ሲያዩት እህል ተራው ውስጥ እየገቡ ተሰወሩ። እኔ አየኋቸው፣ እሱ አላያቸውም። ዛሬ የአገሬ ሰው ምን ነካው፣ ጠፋ እኮ አለ። በመጨረሻ ጫማውን ሰጠኝና ሄደ። ለአያ ገብሬ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁት።

አሁን የምጽፈውን ለማንም አልናገረውም። አያ ገብሬ ሲነግሩኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም። ሐዘኑ ሁለተኛ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው፣ ኪሮስ ይህን ዛሬ ቢሰማ ዓርብ ስልኩ ላይ የምቀርበው እኔ ብቻ ነኝ የሚል ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ኪሮስ ጠያቂ ሁንልኝ አለኝ። እንደ እውነተኛው ፈተና በሩን ዘግተን፣ ጀርባና ጀርባ ሆነን፣ ፊት ለፊት እንዳንተያይ። ስልክ ነዋ።

ስምህ ማን ነው፣ ምን ተማርክ፣ ለምን ጃፓን። ሁሉንም እንደ ውሃ አፈሰሰው። ቤተሰብ የሚለው ጋ ስደርስ ዘለልኩት። ረሳህ እኮ፣ እሱን ሳይጠይቁ አይቀሩም አለኝ። ጠየቅኩት። እናቱን፣ ወንድሙን፣ እህቶቹን ቆጠረ። "ቺቺ ዋ ገንኪ ዴስ" አለ፣ ጀርባው ጀርባዬን ነክቶ። ሆዴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። ተመልሼ ስገባ ዝንጅብል አፍልቶ ጠበቀኝ። ጠጣሁት፤ ምን አማራጭ አለኝ።

ቢሮ ተቀምጬ ሳስብ ዋልኩ።

ብነግረው፦ ወግ አፈረስኩ። ቦታውን አገኘሁ። ሰው ሁሉ ለጥቅሙ ብሎ አረዳው ይለኛል። አምደወርቅ ድረስ ይሰማል።

ባልነግረው፦ ሽማግሌ አከበርኩ። ቦታውን አጣሁ። እዚሁ ሪፖርት እየጻፍኩ አረጃለሁ።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ልጅ የአባቱን ሞት ማወቅ አለበት፣ ይህ እውነት ነው። እኔ ቦታውን ባልፈልገው ኖሮ ይህን ደፍሬ ለአያ ገብሬ እነግራቸው ነበር፤ ስለፈለግኩት አፌ ተያዘ። እውነት ከጥቅሜ ጋር ተያይዛ መጣችና የትኛው እየገፋኝ እንደሆነ ለይቼ ማወቅ አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ለአከራያችን ለእትዬ ዝማምም ነግረዋቸዋል። ጠዋት ጓዳ ገብተው ሲያለቅሱ ኪሮስ ሰማቸው። ምን ሆነው ነው ብሎ ጠየቀኝ። እህታቸው ታመውባቸው ነው አልኩት። እህት እንዳላቸው እንኳ አላውቅም። ኪሮስ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠና፣ አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይድናሉ እያለ አጽናናቸው። ጭራሽ ባሰባቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ወደ ውጭ ወጡ።

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። እንግዲህ ሰቆጣ በሙሉ ቡዳ ሆናለች። ባለ ሱቁ ያውቃል። የቢሯችን ጸሐፊ ታውቃለች፤ ዛሬ ኪሮስን ሻይ ጋበዘችው፣ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። እሱ ለስልኩ መልካም ዕድል ስትመኝልኝ ነው ብሎ ደስ አለው።

ማታ ከቢሮ ስንመለስ ለነገው ተራ ተነጋገርን። አንተ ቅደም አለኝ። ወረፋ ስትጠብቅ ነው ልብህ የሚመታው፣ ቶሎ ገብተህ ተገላገል። መልሶቼን ወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፌ ስልኩ አጠገብ እንዳስቀምጥም መከረኝ፤ ማን ያየሃል አለ። ወንዙን ስንሻገር፣ "ኪሮስ" አልኩት። ዞር ብሎ፣ "ምነው?" አለኝ። ምንም አልኩት።

እዚያ መሻገሪያው ድንጋይ ላይ ቆሜ ልነግረው ነበር። ለምን እንዳልነገርኩት አውቃለሁ። ለእሱ አዝኜ አይደለም፣ ለአያ ገብሬም ቃል ጠብቄ አይደለም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

አበቃ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ቤት ደረስን። ሰው ሞልቷል። ኪሮስ ሲገባ ሁሉም ዝም አለ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመረ። ኦፕሬተሯ መስመር ለማግኘት ወደ ወልድያ ብዙ ከጮኸች በኋላ ወደ መነጋገሪያው ሳጥን ግቡ አለችን።

እኔ ቀደምኩ። አንድ የማላውቀው ድምፅ ጠየቀኝ፤ መለስኩ። ምን ተማርክ ለሚለው በደንብ መለስኩ። ለምን ጃፓን ለሚለው ከወረቀቱ ላይ አነበብኩ፣ እንደማነብ አወቁብኝ መሰለኝ። ከዚያ ሞሪ ሳን ራሱ መጣ። ድምፁን ስሰማ ደስ አለኝ። ሰፊው፣ አሁንም የምትኖረው ከኪሮስ ጋር ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ኪሮስ ደህና ነው ወይ አለኝ።

ዝም አልኩ።

በአማርኛ አራት ቀን ሙሉ የዋሸሁ ሰው በጃፓንኛ አቃተኝ። ገንኪ ዴስ ማለት ነበር፣ ሁለት ቃል። በመስታወቱ ኪሮስ ከውጭ ሆኖ በርታ በርታ እያለ በእጁ ምልክት ያሳየኛል። ስልኩ ውስጥ፣ ሃሎ፣ ሃሎ ይላሉ። መስመሩ የተቆረጠ መስሏቸዋል። ወደ ልቤ ስመለስ አንድ ሌላ ሰውዬ፣ እናመሰግናለን፣ ሌላውን ያቅርቡልን አለ።

ኪሮስ ገባ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ። ሳጥኑ ድምፅ አይከለክልም። ሲናገር፣ ሲያስረዳ፣ እነሱን ሲጠይቃቸው እሰማለሁ። ከዚያ ስለ ቤተሰቡ ጠየቁት መሰለኝ፣ አባቱ ስለ ካሴቱ ያሉትን ሲያወራላቸው ሰማሁት። እነሱ ሳቁ። እሱም ሳቀ፣ ያ ትልቁ ሳቁ። ወረፋ የያዙት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየው ነበር።

ሲወጣ አቀፈኝ። ስለ አባቴ ጠየቁኝ አለኝ። አንተስ አለኝ። መስመሩ ተቆረጠብኝ አልኩት። ከልቡ አዘነልኝ፤ እንደገና እንዲደውሉልህ ለሞሪ ሳን እንጻፍለት አለ። እስኪመሽ ድረስ ሲያንጎራጉር ነበር። እራት አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ኪሮስ ነው የከፈተው። አያ ገብሬ፣ የነፍስ አባቱ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኋላ እትዬ ዝማም። ሰው እንዲህ ሲመጣ ቃል አያስፈልግም፣ አገሩ ያወቀው ነው። ኪሮስ ወደ ኋላ ሄደ፣ አልጋው ጋ ደረሰ። "ማን?" አለ ብቻ። አያ ገብሬ ነገሩት። ጮኸ። ራሱን ሲጥል ሁለት ሆነው ያዙት።

ከብዙ ልቅሶ በኋላ ቀና ሲል አየኝ። እኔ ለብሼ፣ ጫማዬን አድርጌ፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ።

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ከመቼ?"

"ከማክሰኞ።"

ሌላ አልጠየቀኝም። ስንቅ ተዘጋጅቶ ኖሮ ሽማግሌዎቹ ይዘውት ሊወጡ ሲሉ እኔም ጋቢዬን አንስቼ ተከተልኩ። ጓደኛ በእንዲህ ያለ ቀን ወደ ኋላ አይቀርም። ኪሮስ ከደጅ ዞር ብሎ፣ "አንተ አትምጣ" አለኝ። አያ ገብሬ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። እኔም በሩ ላይ ቀረሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 16

በፋክስ ደብዳቤ መጣ። ኪሮስን መርጠዋል። እስከ ሰኞ ኅዳር 21 ድረስ ራሱ ደውሎ እሺ እንዲላቸው ይፈልጋሉ። ካልደወለ ቦታው ለሁለተኛው ይተላለፋል ይላል። ሁለተኛው እኔ ነኝ፤ ከሁለት ሰው ሁለተኛ።

ኃላፊያችን ደብዳቤውን ሰጠኝና፣ ጓደኛው አንተ ነህ፣ እንዳመቸህ አድርግ አለኝ። ሰሃላ መኪና አይገባም። በእግር ሁለት ቀን ሄዶ ደብዳቤ እንዲያደርስ የሚያዘው ሰው የለም። ኪሴ ከትቼው ዝም ብል እስከ ሰኞ አምስት ቀን ነው። ማንም አይጠይቀኝም፤ ቢጠይቁኝም ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዴት ልረብሸው እላለሁ። ያምርብኛልም።

ነገ ማልጄ እሄዳለሁ። ደግነት አይደለም። አንዱን ምስጢር ተሸክሜ ያየሁትን አይቻለሁ፣ ለሁለተኛው ጉልበት የለኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 18፣ ሰሃላ

ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። እግሬ ተልጧል። ከደጃቸው ስቃረብ እንደ ወጉ እያለቀስኩ ገባሁ፤ ማስመሰል አላስፈለገኝም። ለአቶ ዋሴ አለቀስኩ፣ ለራሴም ጨመርኩበት።

እናቱ ከመሬት ተነሥተው ሳሙኝ። ይዘው አልለቅ አሉኝ። አያ ገብሬ ሁሉንም ነግረዋቸዋል። በለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ "ልጄን የጠበቅህልኝ አንተ ነህ" አሉኝ። "ሆድህ ሰፊ ነው፣ ወላጅህ ይባረክ።" ሽማግሌዎቹም ተቀብለው መረቁኝ። ምስጢር ጠባቂ፣ የጨዋ ልጅ፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው። አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ የተመሰገንኩበት ቀን የለም፣ እንዲህ ያፈርኩበትም።

ኪሮስ ራሱን ተላጭቷል። እጄን ጨበጠኝ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ። ደብዳቤውን ሰጠሁት። አነበበው፣ አጠፈው፣ ነገ እንነጋገር አለኝ። ማሽላው ታጭዶ ተቆልሏል፤ አባቱ የጀመሩት ነው። የሚወቃው ሰው የለም። ታናሽ ወንድሙ ገና አሥር ዓመቱ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 19፣ ሰሃላ

ማለዳ አውድማው ላይ አገኘሁት። ማሽላ እየወቃ ነው። ዱላ አንስቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩና አብሬው መታሁ። ብዙ ቆየን።

እኔ ነኝ የጀመርኩት። ያልነገርኩህ ለአንተ ብዬ አይደለም አልኩት። ሽማግሌ አክብሬም አይደለም። ለቦታው ብሎ አረዳው እንዳልባል ፈርቼ ነው። ማክሰኞ ዕለት ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ቦታውን ነበር አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ስልኩም አልተቆረጠም ነበር አልኩት።

ዱላውን አቆመ።

"ብትነግረኝ ኖሮ ስምህ ይጠፋ ነበር" አለኝ። "እኔ ግን በቀኑ አለቅስ ነበር።"

ጥቂት መትቶ እንደገና አቆመ። ስልክ ቤት ስለነበረችው ሴትዮ አነሣ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታየኝ ጃፓንኛዬ የገረማት መስሎኝ ነበር አለ። ያ ሁሉ ሰው እያወቀ፣ አባቴ በተቀበረ በአምስተኛው ቀን፣ እኔ አባቴን እያነሣሁ ስስቅ ነበር አለ። ድምፁ አልተለወጠም። ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

"በዚያ ሳቅ የተገኘ ሥራ አልፈልግም። አንተ ሂድ። አሁን ከተነሣህ ለሰኞ ትደርሳለህ።"

በክፋት አይደለም ያለው። በክፋት ቢለው ይሻለኝ ነበር። አንተስ ምን ልትሆን ነው አልኩት። ማሽላውን በዓይኑ አሳየኝ። ይህ ሲያልቅ እርሻው አለ፣ እናቴ አለች አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠናውስ? ስለሱ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እኔ ሁለተኛ ነኝ፤ ስልኩ ላይ ዝም ያልኩት ሰውዬ ነኝ። ሰኞ ብደውልላቸው ኪሮስ እንዴት ነው ብሎ ሞሪ ሳን መጠየቁ አይቀርም።

ተመልሼ መጥቼ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ይህን እየጻፍኩ ነው። እናቱ ስንቅ ቋጥረው ሰጡኝ፣ ቆሎና ዳቦ። ልጃቸው ያለውን አልሰሙም፤ እሱ በኋላ እንደሚከተለኝ ነው የሚያስቡት። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው፣ ስንቁ ጭኔ ላይ። ከአውድማው የአንድ ሰው ዱላ ይሰማል።

ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። እናቱ ለሁለተኛ ጊዜ ወጥተው አዩኝና፣ መንገዱ እንዳይመሽብህ፣ ልጄ አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። እስካሁን ግን አልተነሣሁም።